ባለቤት ያለው እጅ

ሌንሳ ሁንዴ የእጅ ካርድ ፈተና የወደቀችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ለፈተናው የተመደበው አርባ ደቂቃ ነበር፤ ጠረጴዛው ግን በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ቀይ አበራ። ከሐዋሳ የመጣው መርማሪ ናሆም ሻይ ውስጥ የነከራትን ብስኩት እንኳ ገና አልጨረሳትም ነበር።

«ብሩሹን አስቀምጪው እህቴ» አላት። «በቃ።»

«ገና አገጯን አልሠራሁም እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን በቃ።»

አገጩ የኔ ነው። ስሜ ትርሲት ይባላል። በሻሸመኔ የጥቁር ሰዓሊያን ኅብረት ውስጥ አንዲት መስመር ቀጥ አድርጋ መሳል የማትችል እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ቁልፍ እይዛለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ለልጆች ቀለም እሰፍራለሁ፣ የሚሳል ሰው ሲጠፋ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊቴን አውሳለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲስሉኝ ኖረዋል። ስንት ጊዜ አርጅቼ ስንት ጊዜ እንደገና ልጅ እንደሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ናሆም ክፉ ሰው አይደለም። በዓመት ሁለት ሦስቴ ይመጣል፤ ጠረጴዛውን ከመኪናው አውርዶ ይተክላል፤ ወለላችን ወጣ ገባ ስለሆነ አንዱ እግር ሥር ካርቶን አጥፎ ይከትበታል። ጠረጴዛው የሚለውን ከመስታወቱ ላይ አንብቦ ለእኛ ይናገራል እንጂ እሱ ራሱ ስለ ሥዕል ምንም አያውቅም፤ አውቃለሁ ብሎም አያውቅም። ያን ዕለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ።

«ይህ እጅ ባለቤት አለው። እዝቅኤል ብራውን፣ ሻሸመኔ። ተመሳሳይነት፣ ከመቶ ዘጠና አንድ።»

«ኮርጃለሁ ማለት ነው?» አለች ሌንሳ።

«አልኮረጅሽም። እጅሽ ያንቺ አይደለም ነው የሚለው።»

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እጇን ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ በቀሚሷ ጠረገችው።

ካርድ የሌለው እጅ በአደባባይ አይስልም። ግድግዳ አደባባይ ነው፤ ጨርቅም፣ የሱቅ በርም፣ የልደት ካርድም አደባባይ ነው። የሌንሳ አባት ሁንዴ ጎረምሳ ሆኖ ባጃጅ ላይ አንበሳና ጽጌረዳ ይስል ነበር። የሰዓሊ እጅ ሁሉ ይመዝገብ ሲባል «እኔን ማን ያገኘኛል» ብሎ ችላ አለው፤ አገኙት፤ አሁን የባጃጅ ባትሪ ይቀይራል። ፈተናው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአርባ ቀን በኋላ ይሰጣል፤ ሁለቴ የወደቀ እጅ ይዘጋል። የተዘጋ እጅ የሚከፍት መሥሪያ ቤት የለም። ከዚህ በፊት ለሦስት ልጆች አመልክቼ ሞክሬዋለሁ።

ጋሽ ዚኪ ማለትም እዝቅኤል ብራውን በፈተና ቀን ከግቢ ይወጣል። ደንቡ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ አገኘሁት።

«ስንት?» አለኝ።

«ዘጠና አንድ።»

ሳቀ። አባት ልጁ ስትመረቅ እንደሚስቀው ነው የሳቀው። «ይቺ ልጅ!» አለ። ከዚያ ምን እንደሰማ ገባውና ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

የጋሽ ዚኪ ቅድመ አያት ከኪንግስተን መጥተው ጃማይካ ሰፈር ከሰፈሩት አንዱ ናቸው። ኅብረቱን ያቋቋመችው አያቱ ናት፤ ከሁለት የባጃጅ ሰዓሊዎችና ከአንድ የታፔላ ጸሐፊ ጋር። ከሌጎስም ከባሂያም ሰዓሊዎች እየመጡ አንድ ሁለት ወር ይሠራሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ልጆች በነጻ ይማራሉ። የሚማሩት ሲጠቃለል አንድ ነገር ነው፤ ጥቁር ሰውን ማየት። «ፊት መስመር የለውም» ትል ነበር አሉ አያቱ። «ብርሃኑ መጀመሪያ የት አረፈ? ግንባር ላይ? ጉንጭ ላይ? ከዚያ ጀምር። ጥላው ውስጥ ደግሞ ጥቁር ቀለም እንዳታስገባ። ጥቁር ሰው ውስጥ ጥቁር ቀለም የለም። ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አፈር አለ፣ የበሰለ ሾላ አለ።» እኔ መሳል ባልችልም ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ወደ ኅብረቱ ስመጣ ሥዕል የሚሠራው ማሽን ሆኖ ነበር፤ የመማሪያ መጽሐፉን፣ ማስታወቂያውን፣ የሟች ፎቶውን ሳይቀር። ማሽኑ የራሱን ሥዕል እያየ ስለሚማር የኛ ሰው ፊት ከዓመት ዓመት እየተመሳሰለ ሄደና በመጨረሻ አንድ ሆነ። አንድ ዓይነት ቡናማ፣ አንድ ዓይነት ጉንጭ። መታወቂያ ሲታደስ ፎቶውም በዚያው ይስተካከላል፤ መታወቂያዬ ላይ ያለችውን ሴትዮ እስከ ዛሬ አላውቃትም። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር የማሽኑ ባለቤት ኩባንያ ጥቁር ሰው መሳል የሚያውቅ እጅ ፍለጋ አህጉሩን አሰሰ። እኛም ዘንድ ደረሰ።

በዚያው ዓመት ግቢያችን ሊፈርስ ቀይ ምልክት ተደርጎበት ነበር። ኩባንያው ግቢውን አስተርፎ በኅብረቱ ስም እንደሚያዞርልን ቃል ገባ፤ በለውጡ የጋሽ ዚኪን እጅ ፈለገ። ሥዕሎቹን አላለም፤ እጁን ነው ያለው፤ አሳሳሉ ከዚያ በኋላ የኩባንያው እንዲሆን። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ፤ እያለቀስኩ ላስኩ። ወረቀቱን ይዤ ቤቱ የሄድኩት እኔ ነኝ። «ለልጆቹ ሲባል» ያልኩት እኔ ነኝ። ብዕሩን ያቀበልኩትም እኔው ነኝ። ኩባንያው ቃሉን ጠበቀ፤ ግቢው የኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዚኪ ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ነገር አልሳለም። ኩባንያው የእጁ አንጓ ላይ ያሰራት አምባር እጁ ወደ ሥዕል ሲያደላ ትነዝረዋለች። መስኮት ሲወለውል ነዝራዋለች። ለእንግዳ መንገድ በጣቱ ሲያሳይ ነዝራዋለች። አንድ ጊዜ ዳቦ ላይ ማር ሲቀባ ነዝራው ዳቦውን ጣለው። ክፍል ውስጥ እጁን ኮት ኪሱ ከቶ ነው የሚያስተምረው፤ ኪሱ ስለሚቀደድ በየሁለት ወሩ እሰፋለታለሁ። አፉ ግን ነጻ ነበር። ውሉ ላይ ስለ አፍ የተጻፈ ነገር የለም። ይህንን ያገኘሁት እኔ ስለነበርኩ ለብዙ ጊዜ ብልጥ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

በአፍ ብቻ፣ ከልጆቹ ጀርባ እየተመላለሰ «ቀስ፣ ቀስ፤ እዚያ ጋ ብርሃኑ ይደክመዋል፣ አንቺም አብረሽው ድከሚ» እያለ አስተማረ። አብዛኞቹ ልጆች እንደነገሩ ይሰሙታል፤ ፈተና ላይ አርባ ወይም ሃምሳ ከመቶ እሱን ይመስሉና ያልፋሉ። ገደቡ ስልሳ ነው። ከልባቸው የሰሙት ይወድቃሉ። እንግዲህ ሰነፉ የሚያልፍበት፣ ጎበዙ የሚወድቅበት ትምህርት ቤት ስናስተዳድር ኖረናል ማለት ነው። ሌንሳ በስምንት ዓመቷ ነው የመጣችው። ጋሽ ዚኪ ሲስል አንድም ቀን አላየችም።

ናሆም ጠረጴዛውን ወደ መኪናው ሲጭን ተከትዬው ወጣሁ።

«ምን ይሻላታል?» አልኩት።

«አስተማሪ ትቀይር፣ እትዬ።»

«የት ሄዳ? በዚህ ከተማ ያልተሸጠ እጅ ያለው አስተማሪ ታውቃለህ?»

ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። የመኪናውን በር ከዘጋ በኋላ መልሶ ከፈተው። «ይህን አልነገርኩዎትም» አለኝ። «ከመስከረም ጀምሮ ገደቡ ወደ ሠላሳ ይወርዳል።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌንሳና ጋሽ ዚኪ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እሷ ያለቀሰች ትመስላለች። እሱ ተነሣ።

«ከኔ ጋ ነው የምትማሪው» አላት። «አርባውን ቀን ሙሉ።»

«ጋሼ፣ እርስዎን በመምሰሌ እኮ ነው የወደቅሁት።»

«ታዲያ እኔ የቱ ጋ እንዳለሁ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

በማግስቱ ጠዋት ተጀመረ። እኔ ወንበሬ ላይ ወጣሁ፤ እሷ ወረቀት ዘረጋች፤ እሱ እጁን ከቶ ከኋላዋ ቆመ። ከዳር መስመሩ እንድትጀምር አደረጋት፤ ጆሮ፣ መንጋጋ፣ አንገት፣ ልክ የወጥ ክዳን በእርሳስ እንደሚከብ ልጅ። እጇ አልታዘዝ አላት። መስመሩን ጀምራ ሳታውቀው ወደ ግንባሬ ትሄዳለች።

«እዚህ አለሁ» ይላታል።

ታጠፋዋለች።

«እዚህም አለሁ። ይቺን የአፍንጫ ጥግ ተያት፣ እኔ ነኝ። ዓይኗ ሥር ያለውን ሰማያዊ አንሺው፤ እሱ ደግሞ የአያቴ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግበት?»

«ጥቁር አድርጊበት።»

«ከቱቦው?»

«ከቱቦው።»

ሌንሳ ቱቦውን ከፍታ ጥቁሩን ቀባችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺ ቱቦ መደርደሪያችን ላይ ነበረች፤ ጽሑፍ ለመጻፍ ካልሆነ የነካት ልጅ የለም። ሁለቱም ወረቀቱን አዩት።

«ጋሼ፣ ይሄ የሞተ ሰው ፊት ነው።»

«አዎ። ቀጥይ።»

በየቀኑ እንዲህ ነበር። ጠዋት ገብታ እስከ ስድስት ሰዓት ስታጠፋ ትውላለች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ቀረች። በአሥራ ዘጠነኛው አባቷ በባጃጅ አምጥቶ በሩ ላይ አወረዳት፤ «ቤት ውስጥም እንቅልፍ የላት፣ እዚሁ ትድከም» አለኝና ሄደ። ጋሽ ዚኪም ከሳ። ምሳ እናቀርብለታለን፤ ሁለት ጉርሻ በልቶ ይተወዋል። አንድ ቀን ኪሱን ስሰፋ «ሰው ራሱን ሲያርም እንዲህ ይደክማል ብዬ አላውቅም ነበር» አለኝ። መርፌዬን ቀጠልኩ።

በሠላሳኛው ቀን አካባቢ «እዚህ አለሁ» ማለቱ ቀነሰ። በሠላሳ አምስተኛው ቀን አንድ ሥዕል ሙሉ ሲሠራ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። በመጨረሻው ቀን ከኋላዋ ቆሞ እስክትጨርስ ድረስ ዝም አለ። እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ የማየው የሱን ፊት ነበር። ያን ፊት በደንብ መሳል የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ እንደዚያ ተመኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ፈተና ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ጠረጴዛው አረንጓዴ አበራ።

«ነጻ እጅ» ብሎ አነበበ ናሆም። «ተመሳሳይነት፣ ከመቶ አራት።» ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት፤ ደስታው የእውነት ነበር። ካርዷ እዚያው ታትሞ ወጣ፤ ገና ትኩስ ነበር። ከወንበሬ ወርጄ ሥዕሉን አየሁት። ሴትዮዋን ወዲያው አወቅኋት፤ መታወቂያዬ ላይ ያለችው ናት።

ናሆም ከሄደ በኋላ ጋሽ ዚኪ ከሻይ ቤቱ ተሻግሮ መጣ። ሌንሳ ሥዕሉን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው። ተቀብሎ በእጁ እንዳይዝ ፈራና ጠረጴዛ ላይ እንድታስቀምጠው ነገራት። ጎንበስ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ አየው፤ ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ። ያደገበት ቤት ውስጥ የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ። «የኔ የለበትም።»

«ስህተቱን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ስህተት የለውም።»

«አለው እንጂ!»

«አለው» አለ። «ግን ካረምኩልሽ መልሼ ገባሁበት ማለት ነው።» ኮቱን ሰብስቦ ወጣ። ግቢያችንን ለመሻገር ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ እሱ ግን መሃል ላይ ቆም ብሎ አረፈ።

ሌንሳ ካርዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቀረች። ደስ ሊላት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ሊላት ግን አልቻለም። እኔም እንዲሁ። የቆሸሹትን ኩባያዎች አብረን አጠብን።

«እትዬ ትርሲት» አለችኝ፤ ፊቷን ወደኔ አላዞረችም። «መስከረም ላይ ስድስት ልጆች ይፈተናሉ አይደል?»

«ስድስት።»

«እንደነገሩኝ ገደቡ ሠላሳ ከሆነ፣ በጋሼ አፍ የተማረ አንድም አያልፍም።»

ይህን እኔም ከናሆም መኪና ጀምሮ ሳስበው ነበር። ሌላ ሰው እስኪለው ነበር የምጠብቀው።

«ካርድ አለኝ» አለች። «እኔ ላስተምራቸው። ካርድ የሚያስገኘውን።» ሌላ ኩባያ አነሣች። «ቢያንስ ግድግዳ መቀባት ይችላሉ። አባቴን አይተውታል አይደል? ጠዋት ጠዋት የሰው ባጃጅ ላይ የራሱን አንበሳ ሲያገኝ በጨርቅ ይሸፍነዋል፣ ቅጣት እንዳይመጣበት። እነሱ እንዲያ እንዲሆኑ አልፈልግም።»

ምን ብዬ እምቢ ልበል? ሌላ መንገድ ካለ ያላየሁት ነው። የእጅ ምዝገባውን ማን እንዳመጣው፣ ለምን ማንም እንዳልተቃወመ አንዳንዴ ወጣቶች ይጠይቁኛል። በአንድ ቀን የመጣ ነገር አልነበረም። ቅጽ እየሞላን፣ አንዱን ለማዳን ሌላውን እየሰጠን፣ ሁሌም ምክንያታችን ደህና እየሆነ ነው እዚህ የደረስነው። እሺ አልኳት።

በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ጃማይካ ሰፈር ወጣሁ። ጋሽ ዚኪ በሩን ከፍቶ ነበር የሚጠብቀኝ።

«ልጅቷ ታስተምር ልትይኝ ነው» አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አዎ።»

«ከመቼ?»

«ከቅዳሜ።»

«እኔስ?»

«ግቢው ያንተ ነው፣ ጋሽ ዚኪ። መጥተህ ትቀመጣለህ፣ ሻይህን ትጠጣለህ። ክፍል ውስጥ ግን…»

«አልናገርም።»

«አትናገርም።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ለቁጣው መልስ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። እሱ ግን የመስኮቱን መጋረጃ በክርኑ ገፋ አደረገ፤ በእጁ ቢገፋው አምባሯ ትነዝረዋለች።

«ያኔ እጄን ስትወስጂ አልቅሰሽ ነበር» አለኝ።

«አሁን ደክሞኛል።»

«እኔም» አለ።

ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ምን ብሎ መሰናበት እንደሚገባ አላወቅሁም፤ ይቅርታ ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያልተባለ ይቅርታ በሩ ላይ ቆሞ አይባልም።

«ትርሲት» አለኝ። «ዓይንን እስካሁን የጠየቀ የለም አይደል?»

«የለም።»

«ሳይመጡ እንግዲያው ትንሽ ልይ። ያንን ወንበር አቅርቢው። ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪ።»

ወንበሩን አቀረብኩ፤ ተቀመጥኩ። እሱ ከፊት ለፊቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከተተ፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ሃያ ስድስት ዓመት ስንትና ስንት ሰው ስሎኛል፤ እንደዚያ ያየኝ ግን የለም። ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትወርድ ድረስ፣ አንገቴ እያመመኝ፣ አልተንቀሳቀስኩም።